የግራው ስፖኪዮ

ባለፈው ሰኞ ከልጄ ጋር በመኪና ስንሄድ፣ «እማዬ፣ ልደታን ሳትሳለሚ አለፍሽ እኮ» አለችኝ።

«ሐሳብ ይዞኝ ነው» አልኳት። ይህችኑ መልስ በዚሁ መንገድ ላይ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ሰምቻታለሁ።

አባቴ የላዳ ታክሲ ሹፌር ነበር፤ ቤታችንም አብነት። ጠዋት ለሥራ ሲወጣ እኔን ኮሌጅ ያደርሰኛል። ጋቢና ከጎኑ ተቀምጬ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ፓስቲ እየገመጥኩ፣ ዘይት የነካውን እጄን በቀሚሴ ጫፍ እየጠረግኩ እሄዳለሁ። ረድፍ ሊቀይር ሲል መጀመሪያ ስፖኪዮውን ያያል፤ ፍሬቻ ያበራል፤ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ገልመጥ ይላል። እጁ መሪውን የሚያዞረው ከዚያ በኋላ ነው። «እጅ ሎሌ ነው፤ ዓይን ሳይፈቅድለት ንክች አያደርግም» ይለኝ ነበር። ከመጠንቀቁ የተነሳ ጓደኞቹ «ቀብር አጃቢው» እያሉ ይቀልዱበታል።

ሰኔ ግም ሲል ነገሩ ተለወጠ። እጁ ይቀድም ጀመር። መሪው ዞሮ ካለቀ በኋላ አንገቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ግራ ያዞራል፣ ዓይኑ ዘግይቶ ይደርሳል። አዲስ ልማድም አመጣ፤ «እስቲ እዪልኝ፣ ግራው ባዶ ነው?» ይለኛል። መንዳት እያስተማረኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ በሱ በኩል አይና «ባዶ ነው» እላለሁ። ምን ያህል ሞኝ ነበርኩ!

አንድ ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ገና እየጨሰ፣ በልደታ ማርያም በኩል ስናልፍ ቤተክርስቲያኗ በግራችን ነበረች። አባቴ እዚያ ሲደርስ ኮፍያውን አንስቶ ሳያማትብ ያለፈበትን ቀን አላስታውስም። ያን ቀን ግን ፊቱን እንኳ ሳያዞር አለፈ።

«አባዬ፣ ልደታን ሳትሳለም አለፍክ» አልኩት።

«ሐሳብ ይዞኝ ነው» አለ። ደንገጥ ብሎ ነበር፤ እኔንም ሳይጠይቀኝ ወደ ግራው ረድፍ መሪውን አዞረ። በሱ መስኮት ላይ የአውቶቡስ ጎማ ሞልቶ አየሁ። መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቀኝ ጎተትኩት። ብረት ከብረት ተፋቀ፤ የግራው ስፖኪዮ ተገንጥሎ ቀረ።

መንገዱ ዳር ቆምን። አባቴ ወርዶ ወደ ቤተክርስቲያኗ ዞረና ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።

«ምን ይታይሃል?» አልኩት።

«ጭጋግ።» መዳፉን ሳያነሳ ቀጠለ፦ «ከፋሲካ ወዲህ ነው። እናትሽ እንዳትሰማ። መንጃ ፈቃዴን ከነጠቁኝ ምን እንበላለን?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን በሁለት ሳምንት ነቀዘ። ጠዋት ጠዋት የግራ ዓይኑ ሆኜ ኮሌጅ እደርሳለሁ፤ በሩ ላይ አውርዶኝ ሲሄድ ግን ቀኑን ሙሉ ማን ያይለታል? ከኋላው ስለሚቀመጡት ሰዎች አስባለሁ፤ ክፍል ውስጥ ሆኜ የአምቡላንስ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ተነስቼ በመስኮት አያለሁ። በመጨረሻ ለእናቴ ነገርኳት።

አባቴ አልተቆጣም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ እስከ መስቀል ድረስም አላናገረኝም። በመናገሬ አልጸጸትም፤ ያ ዝምታው ግን እስከ ዛሬ ያመኛል።

የአያቷን ታሪክ የምታውቀው ልጄ ከሰኞ ወዲህ ከጎኔ ስትቀመጥ ወደ ፊት ጎንበስ ማለት ጀምራለች። ረድፍ ልቀይር ስል የኔን የግራ ስፖኪዮ እንደምታይ አውቃለሁ። እሷ ምንም አትልም፤ እኔም እንዳላየ ሰው እነዳለሁ። ምናልባት ዓይኔ ደህና ነው። ለማወቅ አይከብድም፤ ወደ ልደታ ዞሮ ቀኝ ዓይንን በመዳፍ መሸፈን ብቻ ነው። ሳምንቱ አለቀ፤ እስካሁን አልሸፈንኩትም።