ከላይ የምትውል ደብዳቤ

መካኒሳ አቦ ያለችው የኮምፒውተር ጸሐፊ አምሳለ፣ ፋይሎቿን በስም መደርደር ትታ በቀን እንዲደረደሩ አድርጋለች፤ ዛሬ የተነካው ከላይ ይወጣል፣ የቆየው ወደ ታች ይወርዳል። ያደረገችው ለሥራዋ እንዲቀላት ነው።

አንዲት ደብዳቤ ያስጻፋት አንድ አዛውንት ግን ይህን ካየ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ መምጣት ጀመረ። የግራጫ ኮቱ ክርን ተጥፏል። ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በመሐረቡ ይጠርጋል።

«ልጄ፣ ያቺ ደብዳቤ ስንተኛ ላይ ደረሰች?»

«አሥራ አራተኛ ላይ ናት፣ ጋሼ።»

«በይ ቀኗን ቀይሪና ወደ ላይ አውጪልኝ። ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ ከሥር የገባ ፋይል የሚያነሳው የለም።»

ደብዳቤዋ አንድ ገጽ ናት፤ ከስምንት ዓመት በፊት ከጦር ግንባር ያልተመለሰ ልጁ የት እንደደረሰ ትጠይቃለች። አትሚልኝ ብሎ ግን አያውቅም። ከላይ መውጣቷን በዓይኑ ካየ ባርኔጣውን ያነሳና ይሄዳል።

አንድ ሐሙስ ቀረ። በሚቀጥለውም አልመጣም። በሦስተኛው አምሳለ ደብዳቤዋን ሠላሳ አንደኛ ላይ አገኘቻት። ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቀኗን ቀየረች።