ያልተነቀለው እንቦጭ

ከደብረ ታቦር ብርድ ወደ ጣና ስንወርድ ሐሙሲት ላይ ጃኬት እናወልቃለን። የሐይቅ ዳር ጥናት ቡድናችን ትንሽ ነው፤ መሪያችን ዶክተሩ፣ እኔን ጨምሮ ሁለት መምህራንና አንድ ሾፌር። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀርበው ሲያዩት ግን እስከ ጉልበት ጭቃ ውስጥ ገብቶ የዓሣ ጫጩት በቀጭን መረብ ማንሳት፣ ቆጥሮ መልሶ መልቀቅ፣ ከዚያም የተቀደደ መረብ መጠገን ነው። እኔ እወደዋለሁ።

ጥያቄያችን ይህ ነበር፦ እንቦጭ ሐይቁን እንደሚያፍን ሁሉም ያውቃል፤ ግን መቼ ቢነቀል ነው ለዓሣው ጫጩት የሚበጀው? ከክረምት በፊት ወይስ በኋላ? ለዚህ ሁለት ቦታ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቀድሞ የተነቀለ፣ ሌላው እንዳለ የተተወ። ለተማሪዎቼ በጎመን አስረዳለሁ። ማዳበሪያው መሥራቱን የምታውቁት ማዳበሪያ ያልገባበት መደብ ከጎኑ ሲኖር ነው።

የሚተወውን ቦታ የሰጡን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ከብቶቻቸው የሚጠጡት እዚያ ነበር።

«አረም ልጠብቅላችሁ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። «ሰው አረም ሲነቅል እንጂ ሲያሳድግ አላየሁም፣ መምህር።»

«እስከ ጥቅምት ብቻ ነው፣ አባባ።»

«ዓሣ አጥማጁ ልጄ መረቡን ባዶውን ይመልሳል። መቼ መንቀል እንዳለበት የምትነግሪው ከሆነ ይሁን፣ ከብቶቹ ይዙሩ።»

ለኅዳር ሚካኤል መልሱን ይዤ እንደምመጣ ቃል ገባሁ። አራት እንጨት ተክለን ቀይ ገመድ አሰርንበት።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለመጨረሻው ቆጠራ ስንወርድ እንጨቶቹ ተነቅለው ዳር ላይ ተከምረዋል። እንቦጩ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይጠወልጋል። ውኃው ጥርት ብሏል፤ የሽማግሌው ላሞች ገብተው ይጠጣሉ። ከእንቦጭ ነቀላ ዘመቻ የተረፈ የታተመ ቲሸርት ደንገሉ ላይ ተሰቅሏል። የታተመበት የእኛው መሥሪያ ቤት ስም ነው።

እዚያው ቆሜ ለዶክተሩ ደወልኩ።

«የእኛን ቦታ ነቅለውታል፣ ዶክተር።»

«አውቃለሁ፤ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ዘመቻውን የሚያዩ እንግዶች መጥተው ነበር። መንገድ ዳር ያለው ሁሉ አልቋል፤ ለዘመቻ የሚነቀል ያስፈልጋል። እዚያ ደግሞ ጥሩ አድርጎ በቅሎ ነበር።»

«የበቀለው እኮ እኛ ስለተውነው ነው።»

«እንቦጭ አይደል? ተመልሶ ይበቅላል።»

«እንቦጩ ይበቅላል፤ ክረምቱ ግን አይመለስም።»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ ያለሽ ይመስልሻል» አለና ዘጋው።

ከዘመተው ሰው ግማሹ መምህር ነው። ማወዳደሪያ ምን እንደሆነ በየክፍሉ ያስተምራል። ገመዱን ያየ አንድ ሰው እንኳ «ይህ ለምን ታጠረ?» ብሎ አልጠየቀም። የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። አለማወቅ ቢሆን ኖሮ አስረዳ ነበር፤ እያወቁ ለነቀሉት ምን ይነገራል?

በኅዳር ሚካኤል ባዶ እጄን ወረድኩ። ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራቸው ላይ አገኘኋቸው። ዓሣ አጥማጁ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር።

«ከብቶቼ ክረምቱን ማዶ ዞረው ጠጡ» አሉ። «አንዷን ላም ከጭቃ በገመድ ጎትተን አወጣናት። ከዚያ የእናንተው ሰዎች እየዘፈኑ መጥተው ነቀሉት። ይሁን። እንግዲህ ንገሪው፤ መቼ ይንቀል?»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«ቢያንስ አልዋሸሽንም» አሉ ሽማግሌው።

በማግስቱ ዶክተሩ ቢሮ ጠራኝ። ያለንን ቆጠራ ይዘን ጽሑፉን እናውጣ አለ። አብሬ እንደማልፈርም ነገርኩት።

«እሺ፣ ለከርሞ እንደገና እንጀምራለን» አለ። «ቦታውን አንቺ ጠይቂያቸው፤ አንቺን ይወዱሻል።»

«ትናንት ጠይቄያቸዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«‹ቦታው አለ። የሚጠይቀኝ ግን ያስነቀለው ሰውዬ ራሱ ይሁን። ክረምት ላይ ይምጣ፤ ላሚቱ ጭቃ ስትገባ ገመዱን ይይዛል› ብለዋል።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ዓመት አለፈ፤ ዶክተሩ እስካሁን አልሄደም። መኪናው አለ፣ መንገዱም ክፍት ነው። የሽማግሌው ልጅ ዘንድሮም እንቦጩን በግምት ነቀለ።