ከቪላው ጀርባ የበቀለችው ጽጌረዳ

በጥቁር ፕላስቲክ የተቋጠረ እርጥብ አፈር ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ፣ ዛሬም ድረስ ከካዛንቺስ በተነሳ ሚኒባስ ውስጥ እናቴ ጭን ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። የሰፈራችን ሴቶች የአበባ ማኅበር ነበራቸው፤ በመስከረም የየአባሉን ግቢ እየዞሩ ይጎበኙ፣ ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ሚኒባስ ተከራይተው ከከተማ ወጣ እያሉ ችግኝ ጣቢያዎችን ሲያዩ ይውሉ ነበር። እናቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ የምንኖረው በቀበሌ ቤት ስለነበር ግቢ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ በዱቄት ወተት ጣሳ የተከለቻቸውን አበቦች ደረጃው ላይ ደርድራ፣ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ታጠጣቸው ነበር። የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ ጥሩነሽ ግን ከመንገዱ ማዶ ሰፊ ቪላ ነበራቸው፤ የት እንደምንሄድም፣ ማን መስኮት አጠገብ እንደሚቀመጥም የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ።

አንድ ጥቅምት ከሰበታ አለፍ ብሎ በነበረ ችግኝ ጣቢያ፣ ነጭ ሆና ጠርዟ ብቻ የቀላ ጽጌረዳ አየን፤ ባለቤቱ ሽማግሌ ገና እያባዟት ስለሆነ እንደማይሸጧት ነገሩን። ልንወጣ ስንል አንድ ቅርንጫፏ ተቆርጦ ተገኘ። ሽማግሌው አዘኑ እንጂ ማንንም አልጠረጠሩም፤ እትዬ ጥሩነሽ ግን ቀጥ ብለው ወደ እናቴ መጡና ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርደው ሣሩ ላይ ዘረገፉት። ማበጠሪያዋ፣ መሀረቧ፣ የኔ ሹራብ፣ ለመንገድ የያዘችው ቆሎ ተበተነ። ቅርንጫፍ የለም። ይቅርታ እንኳ ሳይሉ፣ «ግቢ የሌለው ሰው ዓይኑ አያርፍም ብዬ ነው» ብለው ወደ ሚኒባሱ ሄዱ። እናቴ ተንበርክካ ዕቃዋን ስትለቅም ከሴቶቹ አንዲትም ጎንበስ አላለችም።

በጋውን ሙሉ ስለዚያ ቀን አላወራችም፤ ወደ ማኅበሩም ድርሽ አላለችም። አባቴ፣ እትዬ ጥሩነሽ ትልቅ ሰው ስለሆኑ እንድትተዋቸው ሲለምናት፣ «ሰው ፊት ነው ያዋረዱኝ፤ እኔም ሰው ፊት ነው የምመልስላቸው» ብላው ሳህኗን ማጠብ ቀጠለች። እኔም በበኩሌ በቪላው በር ባለፍኩ ቁጥር እተፋ ነበር፤ በልጅ አቅሜ የምችለው ይህንኑ ነበር።

ክረምቱ መሀል ላይ፣ ተልኬ ስመለስ በቪላው የአጥር ቆርቆሮ ሽንቁር አጮልቄ አየሁ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከመንገድ በማትታይበት ጥግ፣ ያቺው ጠርዟ የቀላ ነጭ ጽጌረዳ ፈክታለች። ዝናቡን ሰንጥቄ ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። ወዲያው ትነሳለች ብዬ ስጠብቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀችኝና መስከረምን መጠበቅ ጀመረች።

የጉብኝቱ ተራ ቪላው ሲደርስ፣ ማንም ያልጠራት እናቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ እጄን ይዛ ገባች፤ ሁሉንም በየተራ ሰላም አለች። ሴቶቹ የፊት ለፊቱን አበባ አድንቀው ሊቀመጡ ሲሉ፣ «እትዬ ጥሩነሽ፣ የጀርባውን አላሳዩንም እኮ» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ቀደመች፤ ሴቶቹም ግር ብለው ተከተሏት።

ሴቶቹ ጽጌረዳዋን ከበው ቆሙ። እትዬ ጥሩነሽ ዘመድ ከቢሾፍቱ እንዳመጣላቸው መናገር ሲጀምሩ፣ ከማኅበሩ አባላት አንዷ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ጨርቅ የሚነግዱት ወይዘሮ ከድጃ አቋረጧቸው። ያን ቀን ከችግኝ ጣቢያው ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ የእትዬ ጥሩነሽ የታጠፈ ጃንጥላ መንገዱን ሙሉ ጭናቸውን ሲወጋቸው እንደነበር፣ ሲጠይቋቸውም ሽቦው ተሰብሮ ነው እንዳሏቸው ተናገሩ።

«እሾህ ኖሯል ለካ» አሉ።

እናቴ ሴቶቹን አስከትላ በፊት ለፊቱ ግቢ ወደተደረደሩት ወንበሮች ተመለሰች፣ የእትዬ ጥሩነሽን ቦርሳ አነሳችና ሣሩ ላይ ገለበጠችው። መነጽር፣ ቁልፍ፣ የኪኒን ብልቃጥ ተንከባለለ። ዕድሜዋን ሙሉ «እርስዎ» ስትላቸው የኖረችው እናቴ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ «በይ ልቀሚ» አለቻቸው። ወይዘሮ ከድጃ ሊያግዙ ጎንበስ ሲሉ፣ «ይተዉ፤ ያኔም ማንም አላገዘኝም» ብላ ከለከለቻቸው። እትዬ ጥሩነሽ ብቻቸውን ተንበርክከው ለቀሙ። በልጅነቴ ያን ያህል የጣፈጠኝ ነገር አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ እናቴ ሰብሳቢ ሆነች፤ እትዬ ጥሩነሽ ከማኅበሩ ቀሩ። በየጥቅምቱ ሚኒባሱን የምታስቆመው ሆን ብላ እሳቸው በር ላይ ነበር፤ ሴቶቹ እየሳቁ ተሳፍረው ሲያበቁ ሾፌሩን ክላክስ አስደርጋው፣ የቪላው መጋረጃ ነቅነቅ ሲል ነበር የምንንቀሳቀሰው።

ዛሬ ያ ሰፈር ፈርሷል፤ በየመንገዱ ዳር አበባ ስለተተከለ ማንም ሚኒባስ ሳይከራይ ከታክሲ መስኮት ያየዋል። እናቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ትኖራለች። በቅርቡ የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ ስልኬን አፈላልጋ፣ እናቷ አልጋ ላይ እንደዋሉና እናቴን ማየት እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። እናቴ በረንዳዋን እየጠረገች ሰማችኝና፣ «አልመጣም በያት» አለች። ሳላለሳልስ እንደዚያው አደረስኩ፤ ስልኩን ስዘጋም የቆጨኝ ነገር አልነበረም። ያኔ ቂማችንን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀው ነበር፤ ዛሬ ፎቃችን ላይ ያሉት ጎረቤቶች ደጎች ናቸው፣ እናቴንም የሚያውቋት አበባ እንደምትወድ ጸጥተኛ አሮጊት ብቻ ነው።