ከአልጋ አጠገብ የተለካ ነፋስ

ሲጥ... ሲጥ... ሲጥ። ከብዙ ዓመታት በፊት በኮረብታው አናት ላይ የተተከለው የነፋስ መለኪያ፣ ዘይት ሲጠማው የሚያሰማው ድምፅ ይህ ነበር። ሠፈርተኛው “ቆጣሪው” እያለ የሚጠራው ሰው በዚያ ድምፅ ሥር ጎልምሶ፣ በዚያው ድምፅ ሥር ሸበተ። ሥራው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ኮረብታውን መውጣት፣ የመለኪያውን ቁጥር አንብቦ በደብተር ማስፈር፣ ከዚያ መውረድ ነው።

“ነፋስ ቆጥሮ የሚበላ ካንተ በቀር የት ይገኛል?” እያሉ ጓደኞቹ ይቀልዱበት ነበር።

“እናንተ በነጻ ትተነፍሱታላችሁ፤ እኔ ደመወዝ ይከፈለኛል” ይላቸዋል።

ደብተሮቹን ለዓመታት የጠየቀ አልነበረም። ኋላ ግን ዓይንና ናጫ የሆኑ ሁለት ሀብታም አገሮች ኮረብታውን በአንድ ሰሞን ተመኙት። አንደኛው በነፋስ የሚሠራ የመብራት ኃይል ማመንጫ ልትከል ሲል፣ ሌላው የእኔ ይበልጣል አለ። የአንዱ መሐንዲሶች ሻንጣቸውን ሳይዘጉ የሌላው ከተፍ ይሉ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በዕድሜ ልጁ የሚሆነው አለቃው ወደ ቢሮ አስጠራው። ደብተሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

“ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ሁለቱም በእርስዎ ደብተር እየተራኮቱ ነው። በተለይ ሰባተኛውን ወደውታል፤ ነፋሱ አይዋዥቅም ይላሉ። በሉ እዚች ጋ ይፈርሙልኝና እንገላገል።”

ወረቀቱ “ቁጥሮቹን በሙሉ ከመለኪያው በዓይኔ አይቼ ጽፌአለሁ” ይላል።

ቆጣሪው ሰባተኛውን ደብተር ገለጠ። ሚስቱ አልጋ የያዘችበት ዓመት ነው።

“አራት ወር ኮረብታውን አልረገጥኩም” አለ። “የሚያስታምማት ሌላ ሰው አልነበረም። እሷ ተኝታ የጣሪያውን ቆርቆሮ ታዳምጥና ‘ዛሬ ስድስት ነው፣ ጻፍ’ ትለኛለች። ‘ኧረ ስድስት አይሞላም’ ስላት፣ ‘ዝም በል፣ ጆሮህ ደንቁሯል’ ትለኝ ነበር። እጽፋለሁ። በመጨረሻ መናገር ሲያቅታት በጣቷ አሳየችኝ።”

የሌላ ሰው ደብዳቤ የሚያነብ ይመስል ነበር። ማልቀስ የሚገባው ሰዓት እንደሆነ ያውቃል፤ ግን ምንም አልመጣለትም።

አለቃው ተነሥቶ በሩን ዘጋ። “ይህን ማን ጠየቀዎት፣ ጋሼ? ቢሰሙ ሁለቱም ጥለውን ይሄዳሉ። ስንት ሰው ሥራ ይጠብቃል!”

“ማመንጫውን ተክለውት ባይዞርስ?”

“እነሱ እኮ የሚሽቀዳደሙት አንዱ ሌላውን ለመቅደም ነው! ለመዞሩ የተጨነቁ መሰለዎት?”

ቆጣሪው ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ ከጠረጴዛው አነሣ። ከመጀመሪያዋ የሕመም ቀን ጀምሮ፣ በየገጹ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ መስመር አሰመረ። የእሷ አራቶች፣ የእሷ ስድስቶች፣ በጣት የተቆጠሩት ሦስቶችም ሳይቀሩ ተሰረዙ። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ “አልተለካም” ብሎ ጻፈ። አለቃው ቆሞ ያየዋል።

“አሁን ልፈርም” አለ ቆጣሪው፣ ደብተሩን እየከደነ። “የቀረው በዓይኔ ያየሁት ነው።”

አለቃው ወረቀቱን ሳያስፈርመው ከፊቱ ስቦ ወሰደ፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሣና፣ ደህና ይዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ።