ላልሰመረ ስለት የተሰፋ ጃንጥላ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከልብስ ስፌት መኪና አጠገብ ነው። አያቴ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸውና ቤታችን አንድ ክፍል ነበር፤ የሚለያቸው መጋረጃ ብቻ። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ያኔ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር፣ ፋኖሱን መኪናው ጫፍ ላይ ያስቀምጡና የከሰል ካውያቸውን ከፍተው ፍሙን እፍ እያሉ፣ እኔንና የጎረቤት ልጆችን ዙሪያቸውን ኮልኩለው ተረት ይጀምሩልናል። ጭሱ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን «ገና ሳልጀምር ማልቀስ ምንድን ነው?» እያሉ ያሾፉብን ነበር።

ከሁሉም የሚያዘወትሩት የአንድ ደጅ ጠኚ ተረት ነበር። ሰውዬው መሬቱን ተቀምቶ ለንጉሥ አቤት ሊል ይመጣል። በየማለዳው ከበሩ ፊት ቆሞ እጅ ይነሳል፤ ንጉሡ በበቅሎ ሆኖ ያልፋል እንጂ ዞር ብሎ አያየውም። አብረውት የመጡት ሁሉ ተስፋ ቆርጠው ወደየአገራቸው ሲመለሱ እሱ ጋቢው አልቆ ትከሻው እስኪታይ ድረስ ቆመ። በመጨረሻ ዘበኛው አዝኖለት «አንተ ሰው፣ አትሄድም እንዴ?» ቢለው «የመጣሁት መሬቴን ፈልጌ ነበር፤ አሁን ግን ንጉሡን ትቼ ማን ጋ እሄዳለሁ?» አለው። ተረቱ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን አልለቃቸውም፤ «መሬቱን ሰጠው ወይ?» እያልኩ እጨቀጭቃቸዋለሁ። እሳቸውም ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው «እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው» ይሉኛል። እንዴት ያናድደኝ ነበር!

ሦስተኛ ክፍል ስገባ አባቴ ታመመ። ለአያቴ ያለ እሱ ልጅ አልነበራቸውም። ከዳነላቸው ለግንቦት ልደታ ቀይ የከፋይ ጃንጥላ በገዛ እጃቸው ሰፍተው ሊያስገቡ ተሳሉ። ከዚያ ወዲያ ተረቱ የሚወራው በጃንጥላው ዙሪያ ሆነ። ወርቃማውን ዘርፍ እያቀበልኳቸው፣ ከመጋረጃው ጀርባ አባቴ ሲያስል እየሰማሁ፣ ስፌቱ ቶሎ ካለቀ አባቴም ቶሎ የሚድን ይመስለኝ ነበር። «አባባ፣ ቶሎ ቶሎ ይስፉ» እላቸዋለሁ። ማታ ማታም ተንበርክኬ ያንኑ እለምናለሁ።

ጃንጥላው ግማሽ ሳይደርስ አባቴ ሞተ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ጎረቤቶች አያቴን «ስለቱ ካልሰመረ ምን ዕዳ አለብዎት? ከፋዩን ለሌላ ሥራ ያውሉት» አሏቸው። እኔም በልቤ ከእነሱ ጋር ነበርኩ። አንድ ማታ ግን ካውያውን አቀጣጥለው፣ ከፋዩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አገኘኋቸው። ደሜ ፈላ።

«አባባ፣ አባዬ እኮ ሞቷል! ለምንድን ነው የሚሰፉት?»

መኪናውን አቁመው አዩኝ። «ልጄን አድንልኝ ብዬ ለመንኩት፤ አላዳነልኝም። አልቅሼበታለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁም፤ እሱም ያውቀዋል። ግን እኔ ከእግዜር ጋር ገበያ አልወጣሁም። ቃል ነው የሰጠሁት፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በይ ክሩን አቀብይኝ።»

አላቀበልኳቸውም። ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነሱት።

የግንቦት ልደታ ዕለት ጃንጥላውን ይዘን ሄድን፤ እናቴ በጥቁር ልብሷ ከኋላችን ነበረች። ስለት ተቀባዩ ማይኩን ይዞ እንደ ልማዱ «እኒህ አባት ስለታቸው ሰምሮላቸው ይህን የመሰለ ጃንጥላ ይዘው መጥተዋል፤ እልል በሉ!» አለ። አያቴ እጃቸውን አነሱ።

«አልሰመረም» አሉ። «ልጄን ቀብሬዋለሁ። ጃንጥላው ግን የእመቤቴ ነው።»

ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ሕዝቡን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ ስፌታቸውን የነቀፈ ደንበኛ ላይ እንደሚቆጡት ተቆጡ። «ምነው ዝም አላችሁ? እልል በሉ እንጂ!»

መጀመሪያ የተሰማው የእናቴ ድምፅ ነበር። ሳግ እየቆራረጠው፣ እየተሰበረ ወጣ፤ እልልታ ግን ነበር። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏት።

አያቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ ቤታችንም ፈርሷል። እኔ አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረም። ሐኪም ቤት አመላልሼዋለሁ፣ ጸበል አስጠምቄዋለሁ፣ ለምኛለሁ፣ አሁንም እለምናለሁ። አንዷ ጎረቤቴ «እምነትሽ ጎድሎ እንዳይሆን» ትለኛለች፤ ሌላዋ «አርፈሽ ተቀበዪው» ትለኛለች። አምላኬ ለምን ዝም እንዳለኝ አላውቅም፤ የማውቅ መስዬም ለሰው አላወራም። አንዳንድ ማለዳ ተቆጥቼ እነሳለሁ፤ እንደተቆጣሁም ነጠላዬን አጣፍቼ እሄዳለሁ። የአያቴ ልጅ ነኝ፣ ደጁን አልለቅም።

ነገ የወሩ መባቻ፣ ልደታ ናት። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ልጄም ከብዷል፤ አዝዬው እወርዳለሁ። እልል ስል ጣቶቹን ከንፈሬ ላይ አድርጎ ይስቃል። ነገም እልል እልለታለሁ።