በእኔ ስም የገባው ጎል

ባለፈው ሳምንት ከወልድያ መናኸሪያ ልወጣ ስል ማሊያ የለበሱ ጎረምሶች ሚኒባሴን ሞሉት። ግጥሚያ ነበረባቸው። ገና ሳይቀመጡ እግራቸውን የተቀቡት የጡንቻ ቅባት መኪናውን አወደው፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ያ ሽታ። መስኮቴን እስከ ታች ከፈትሁት። «ሾፌር፣ በረደን እኮ» አለኝ ከኋላ አንዱ። አልዘጋሁትም። ያ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ፊቴ ይግላል፤ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

መርሳ ውስጥ የእኛ ሰፈር ከወንዙ ወዲያ ነው፤ የቡድናችንም ስም «ወንዝ ማዶ» ነበር። ትልቅ ቡድን አልነበረም። ያቋቋሙት ማንጎና ብርቱካን በመኪና የሚጭኑ ሰዎች ናቸው። ጭነት እስኪመጣ ተራ ሲጠብቁ ባዶው ሜዳ ላይ በጨርቅ ኳስ ይራገጡ ነበር አሉ። በኋላ አንድ የፍራፍሬ ነጋዴ ቢጫ ማሊያ ገዛላቸው፤ ለብሰው ሲያያቸውም «የበሰለ ማንጎ መሰላችሁ» ብሎ ሳቀባቸው። ከዚያ ወዲያ ቀለማችን ቢጫ ሆኖ ቀረ። ስንሸነፍ ሰው «ማንጎው ረገፈ» ይለናል፤ ስናሸንፍ እኛው ራሳችን «ማንጎ! ማንጎ!» እያልን ከሜዳው እስከ አስፋልቱ እንጨፍራለን።

የምንኮራው ግን በዋንጫ አልነበረም፤ ዋንጫም አልነበረንም። ወንዝ ማዶ ከሰፈሩ ውጪ ልጅ አሰልፎ አያውቅም። ሌሎቹ ቡድኖች ውድድሩ ሲጠብቅ ከቆቦም ከኮምቦልቻም ተጫዋች ያስመጣሉ። እኛ አናስመጣም። አባቴ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ በጉልምስናቸው ተከላካይ ነበሩ አሉ፣ ሰው ከነኳሱ የሚጥሉ። እኔ በደረስሁበት ዘመን ሜዳ ዳር ቆመው፣ እንግዳ ተመልካች ካገኙ፣ «ያ የልብስ ሰፊው ልጅ ነው፤ ያ በረኛው የሙአዚናችን፤ ያ ቀጭኑ ደግሞ የእኔ» እያሉ አንድ በአንድ ያስተዋውቁ ነበር። ስንሸነፍ እንኳ «ወላሂ፣ ቢሸነፉም የእኛው ናቸው» ብለው አቧራቸውን አራግፈው ወደ ቤት ይሄዳሉ።

ያ ቀጭኑ እኔ ጎበዝ ተጫዋች አልነበርሁም። ሩጫ እችል ነበር፤ ኳስ ግን እግሬ ላይ አትቆይም። አንዳንዴ እሰለፋለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነኝ።

አንድ ዓመት እንዴት እንደሆነ ሳናውቀው ለፍጻሜ ደረስን። ጨዋታው ወልድያ ላይ ነው ተባለ። ሰፈሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ ግራና ገበያ የሄደ ሰው ሳይቀር ስለ ጨዋታው ተጠይቆ ይመለስ ነበር። አባቴ ግን በዚያው ሰሞን ከጭነት መኪና ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው አስሮላቸው አልጋ ላይ ነበሩ።

ለጨዋታው አንድ ቀን ሲቀር፣ ልምምድ እንደጨረስን፣ አሰልጣኙ ለብቻዬ ጠራኝ። አምበላችን አጠገቡ ቆሟል፤ መሬት መሬት ያያል።

«ከደሴ አንድ ልጅ አግኝተናል» አለኝ አሰልጣኙ። «እሱ ካለ ዋንጫው የእኛ ነው።»

«እና ይምጣ» አልሁ።

«ምዝገባ አልቋል። አዲስ ስም አይቀበሉም። ከተመዘገበው ሰው በአንዱ ስም ነው የሚገባው።» ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ቁመታችሁም መልካችሁም ይቀራረባል» አለኝ።

አምበሉ ያኔ ቀና ብሎ «ለቡድኑ ብለህ» አለ።

«አባቴስ?»

«አባትህማ እንዳይሰሙ!» አለ አሰልጣኙ ደንግጦ። «እሳቸው ከሰሙ በዱላም ተደግፈው መጥተው ያፈርሱታል።»

ተናደድሁ ብልህ ደስ ባለኝ። አልተናደድሁም። አፈርሁ። ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል፣ ሜዳ ላይ ባይኖር ማንም የማይጎድልበት እኔ መሆኔን ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ እኔም አውቀው ነበር። «እሺ» አልሁ። ድምፄ እንዴት ደህና ሆኖ እንደወጣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ጠዋት ስወጣ አባቴ ካልጋቸው ሳይነሡ ማሊያዬን አስመጥተው፣ በእጃቸው አጥፈው ሰጡኝ። ዱዓ አደረጉልኝ። «ዛሬ ያሰልፉህ ይሆናል» አሉኝ። «ኢንሻአላህ» ብዬ ወጣሁ።

ወደ ወልድያ የሚወስደን አይሱዙ በደጋፊ ተጨናንቋል። ተጫዋቾቹ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ቅባቱን ይቀባሉ፤ የማለዳው ነፋስ ሽታውን ፊታችን ላይ ይደፋዋል። በረኛችን ረስቶ ለእኔም ዘረጋልኝ። ከዚያ ትዝ አለው መሰለኝ እጁን መለሰ። እንግዳው ልጅ ጋቢና ከአሰልጣኙ ጋር ነበር። አባቴ ያጠፉልኝን ማሊያ በመስኮት አቀበልሁት።

ወልድያ ስንደርስ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ከተመልካች ጋር ተቀመጥሁ። ሜዳው ሞልቷል። በድምፅ ማጉያ አሰላለፍ ተነበበ። የእኔ ተራ ሲደርስ ስሜን ከነአባቴ ስም ጠሩት፤ ያ ልጅ እጁን አነሣ።

አጠገቤ ከሰፈራችን የመጡ አንዲት ማንጎ ሻጭ ነበሩ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። «ምነው፣ አሁን የጠሩት አንተን አይደል እንዴ?» አሉኝ ጮክ ብለው። «እዚህ ተጎልተህ ምን ትሠራለህ?»

ከኋላ አንዱ ጎሰም አደረጋቸው። ገባቸው። «አይ አላህ» አሉና የሻሻቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ሳቡት።

ልጁ እውነትም ተጫዋች ነበር። ኳስ ስትደርሰው አይቸኩልም፤ ሌላው ሲሯሯጥ እሱ ቆም ብሎ የሚያስብ ይመስላል። ከረፍት በኋላ ከሩቅ ቅጣት ምት አገኘን። መታት። የቆሙትን ሁሉ አልፋ ስትገባ መረቡ ሲነፋ አየሁ፤ ከዚያ ሜዳው ፈነዳ።

በድምፅ ማጉያው ስሜ ወጣ። ሕዝቡ ተቀበለው። እየደጋገሙ፣ በጭብጨባ፣ ስሜን ይጠሩታል። እንደዚያ ሲጠራ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልሰማሁትም። ልጨፍር ይሁን ልቀመጥ ግራ ገብቶኝ ከመቀመጫዬ ግማሽ ተነሥቼ ቀረሁ። የሰፈራችን ሰዎች እየዞሩ አዩኝ፤ ዓይናችን ሲገጣጠም ግን ፊታቸውን ይመልሳሉ።

አሸነፍን። ስንመለስ መኪናው ላይ ዘፈን አወጡ፤ ዘፈኑ ውስጥ ስሜ አለ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ስሪንቃን ስናልፍ ግን ከምራቸው ይዘፍኑት ነበር። ጸሐይዋ ከተራራው ጀርባ እየገባች የሁሉም ፊት ቀልቷል፤ እኔም እጨፍር ነበር፣ እጄን አንሥቼ፣ በራሴ ስም።

መርሳ አስፋልቱ ላይ እንግዳው ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ሊይዝ ወረደ። ዞሮ ወደ እኔ መጣና እጁን ዘረጋልኝ። እጁ ሻካራ ነበር፤ እሱም ጫኝ ይሆን ብዬ አሰብሁ። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለኝ። «ጥሩ ስም ነው ያለህ።» እኔ አንገቴን ብቻ ነቀነቅሁለት። ዋንጫውን ሳይነካው ሄደ።

አባቴ በስልክ ሰምተው ነበር። ደውሎ የነገራቸውን ሰው እስከ ዛሬ አላወቅሁትም፤ አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ «ልጅዎ አገባ!» ብሏቸዋል። ጎረቤቶች ከነወንበራቸው ተሸክመው በር ላይ አውጥተዋቸዋል። ሰፈሩ ዙሪያቸውን ቆሟል፣ ከግማሽ በላዩ እውነቱን ያውቃል።

«የታል? የታል ልጄ?» እያሉ እጃቸውን ዘረጉ። ሳሙኝ። ጢማቸው ርሷል።

«የትኛው እግር ነው?» አሉኝ።

ከአፌ የወጣው «ግራው» ነው። ልጁ የመታት በቀኙ ነበር።

ጫማዬን አስወልቀው ግራ እግሬን በደህናው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። እንደ ሕፃን እግር ጣቶቼን እያገላበጡ አዩ። «ምን ዓይነት ጨዋታ ነው፣ አቧራ እንኳ አልነካውም!» አሉ እየሳቁ። የቆመው ሰው ሁሉ አብሮ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ ጠፋ። አምበላችን ዋንጫውን እንደታቀፈ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያይ ነበር። እግሬን ልስብ ሞከርሁ፤ አጥብቀው ይዘውኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ውሸት ተሸከመ። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልተማከረም፤ እሳቸውን ላለማሳፈር ሁሉም በየቤቱ ዝም አለ። ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ አባቴ እኔን ለሰው ሲያሳዩ «ያን ጎል ያገባው» ይላሉ፤ የሚያውቁት ሰዎች «አዎ፣ ማሻአላህ» ብለው ወደ መሬት ያያሉ። እንድተርክላቸው ሲጠይቁኝም እተርካለሁ። በየዓመቱ እየተዋጣልኝ ሄደ።

ቡድኑ ግን ዋንጫ ካየ በኋላ ተጫዋች ማስመጣት ቀለለው። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ በኋላ ቢጫውን ማሊያ ከለበሱት ውስጥ የሰፈሩን ልጅ መፈለግ ሆነ። አባቴ እግራቸው ድኖ ሜዳ ዳር ሲቆሙ፣ እንግዳ መጥቶ «ያ ማነው?» ቢላቸው መልስ አጡ። መምጣታቸውን እየቀነሱ ሄዱ። ሌላውም ሰው እንደዚያው። ወንዝ ማዶ ፈረሰ ብሎ ያወጀ የለም፤ አንድ ክረምት አለፈና ልምምድ ሳይጀመር ቀረ። ሜዳው ላይ አሁን አይሱዙዎች ያድሩበታል።

ባለፈው በጋ አባቴን ወልድያ ሐኪም አሳይቼ እየመለስኋቸው ነበር። ጋቢና፣ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ከኋላ አንድ ጨዋታ አዋቂ ተሳፋሪ ስለ ኳስ ያወራል። «የማንጎዎቹን ዋንጫ ሰምታችኋል?» አለ። «ከደሴ ልጅ አምጥተው በሌላ ሰው ስም አሰለፉት። ጎሉን አገባ፣ ዋንጫውን በሉ። ባለ ስሙ ደግሞ ከእኔ ሁለት ሰው አልፎ ተቀምጦ ነበር፣ ኮፍያውን ደፍቶ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሬድዮውን ከፍ ላደርግ እጄን ሰደድሁ፤ አባቴ ክንዴን በቀስታ ያዙት። ወደ እኔ ግን አልዞሩም። ሰውየው እየሳቀ ስሪንቃ ላይ ወረደ። ሂሳብ ሲሰጠኝ ፊቴን እንኳ አላየም።

ስሪንቃን አለፍን። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያ ልጅ ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ።

«አላውቀውም አባ።»

«አልጠየቅኸውም?»

«አልጠየቅሁትም።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የማሽላው ማሳ እያለፈን ነበር። «ቤቱ ሲገባ ለእናቱ ምን ብሎ ነገራት ይሆን» አሉ፤ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ያፈርሁት ለራሴና ለእሳቸው ነበር፤ ስለዚያ ልጅ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

አሰልጣኙ ሞቷል። አምበላችን ሐራ፣ ባቡር ጣቢያው አቅራቢያ ሱቅ አለው። ሰሞኑን ሰው ጭኜ ስሄድ ጎራ ብዬ የዚያን ልጅ ስም ጠየቅሁት። ሻይ አዘዘልኝ፤ ብዙ አሰበ፤ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«ወላሂ አላውቀውም» አለኝ። «ሜዳ ላይ እንዳንሳሳት ብለን፣ ከመጣ ጀምሮ እኛማ በአንተ ስም ነበር የምንጠራው።»