ከኋላ ነኝ

የእናቴን መሳቢያ የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ ያስቀመጠችውን እየረሳች ተቸግረናል። ትናንት ከነጠላዋ ሥር የሳሙና ሽታ የያዘ አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ተማሪ ሳለሁ የፈረመችልኝ የወላጅ ፈቃድ ቅጽ ነው። ከፊርማዋ ጎን «ፈቅጃለሁ፤ ከኋላ ነኝ» ይላል። ብቻዬን ሳቅሁ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ወጣቶችን የሚሸልም ፕሮግራም ጀመረ። ስፖርት መሥራት፣ ሙያ መማር፣ ሰፈር ማገልገል፣ በመጨረሻም ካርታ ይዞ ቀኑን ሙሉ በእግር መጓዝ ነው። ሁሉን ያሟላ የነሐስ ባጅ ያገኛል። አራት ሆነን ቡድን መሠረትን፤ ጎፋ ያለ የሕፃናት መዋያ ስንጠርግ ወራት ቆጠርን። የቀረን ጉዞው ብቻ ነበር። አስተማሪያችን የፈቃድ ቅጹን ከእንግሊዝኛ ሲተረጉሙ «የጀብዱ ጉዞ» ብለው ጻፉትና ነገር ተበላሸ።

«ጀብዱ? ዘመቻ ነው እንዴ የምትሄጂው?» አለች እናቴ።

ከላፍቶ እስከ ፉሪ ጋራ መሄድ ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። እኔ ከቀረሁ ቡድኑ እንደሚወድቅ፣ አዋቂ ሰው መንገድ ከመራንም ጉዞው እንደሚሰረዝ ጨምሬ ነገርኳት። ሁለት ቀን አኩርፋ ፈረመች። ከፊርማው ጎን ያለውን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ኮንዶሚኒየሙን አልፈን ኮረኮንቹን እንደያዝን ዞር ብል ጥቁር ጃንጥላ አየሁ። እናቴ ናት። ራቅ ብላ ትከተለናለች፤ ስንቆም ትቆማለች፣ ስንሄድ ትሄዳለች። ፊቴ ፍም መሰለ። የቡድን መሪያችን፣ ካርታውን ከእጁ የማያወርደው ልጅ፣ «እናትሽ ልታስወድቀን ነው» አለኝ።

ባሕር ዛፉ ጋ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። መሪያችን ወደ ግራ ወሰደን። ደረቁን ቅጠል እያንኮሻኮሽን ጥቂት እንደሄድን ጃንጥላው የለም። እናቴ መገንጠያው ላይ ቀርታለች። ላፍቶ ገና እርሻ ሳለ እዚያው ያደገች ናት፤ መንገዱን አሳምራ ታውቀዋለች። ግን አልጠራችንም፣ እጇንም አላነሳችም። በቀኙ መንገድ አፍ ላይ ዝም ብላ ቆመች። መሪያችን ካርታውን እንደገና አየው። ገልብጦ ነበር የያዘው። ተመልሰን እንደማያውቋት ሰዎች በአጠገቧ አለፍን። ቁና ቁና ትተነፍስ ነበር።

አስተማሪያችን ጋራው ላይ ጠበቁን። «መንገድ ያሳያችሁ ሰው ነበር?»

«እናቴ መገንጠያው ላይ ቆማ ነበር» አልኩ። ጓደኞቼ በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ።

«ምን አለቻችሁ?»

«ምንም።»

አስተማሪያችን ቁልቁል ተመለከቱ። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። «ቆመች እንጂ አልመራችም» አሉና ፈረሙልን።

ባጁ የት እንደገባ አላውቅም። እናቴ አሁን ሱቅ ስትወጣ ክንዷን ብይዛት «ልቀቂኝ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ትለኛለች። እለቃትና ራቅ ብዬ እከተላታለሁ። አንዳንዴ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ የቤታችን መንገድ ይጠፋታል። ያኔ አልጠራትም። ቀድሜያት ወደ ቤታችን በሚወስደው መንገድ አፍ ላይ እቆማለሁ፣ እስክታየኝ ድረስ።